የአባቴ ሜዳይ ምስክር፤ ከጎንደር ካርቱም

አባቴ ሜዳይ እንደነበረው ያወቅሁት ሜዳዩ ከጠፋ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። መንግሥት ሲለወጥ እናቴ ፈርታ ከነወረቀቱ በጨርቅ ጠቅልላ ሽንት ቤት ጉድጓድ ጨመረችው። አባቴም "ደግ አደረግሽ" አላት። ሃምሳ አለቃ ታፈረ ይባላል አባቴ። ከጦሩ ተሰናብቶ የእህል መኪና ሲነዳ ኖረ፤ ዓይኑ ሲደክም መሪውን ለቀቀ። በቤታችን ስለ ጦርነት ወሬ አልነበረም።

ነገሩ የተነሳው የድሮ ወታደሮች ማህደር እንደገና ሲጣራ ነው። አባቴ ተጠራ፤ ማንበብ ስለማይችል እኔ አብሬው ሄድኩ። ማህደሩን ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ሙያ፦ ሾፌር። "ሽልማት" ከሚለው ጎን "የለም" ይላል።

"እስቲ ድገሚው" አለኝ። ደገምኩለት።

"ሜዳይ ነበረኝ እኮ" አለ፣ ለእኔ ይሁን ለጸሐፊው ሳይለይ።

ጸሐፊው ትሁት ሰው ነበር። "አባቴ፣ ዋሹ አላልኩም። ማህደሩ ከቦታ ቦታ ሲንከራተት ብዙ ነገር ጎድሎበታል። ግን ሾፌር ሜዳይ ተሸለመ ብዬ ያለ ምስክር ብጽፍ የበላዮቼ ይጠይቁኛል። ያኔ የነበረ አዛዥዎ በሕይወት ካለ ይመስክርና እናስተካክላለን" አለው።

ወደ ቤት ተመልሰን በራችን ላይ ስንደርስ፣ "'ጠፍቷል' ቢሉ ምን ነበረበት? 'የለም' ማለት ምንድን ነው?" አለኝ። እኔ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ፤ በቃላት የምኖር። አዛዡን ማጠያየቅ የጀመርኩት ያን ቀን ነው።

የአባቴ አዛዥ የነበሩት ሻምበል ዳዊት ጦሩ ሲፈርስ ሱዳን ገብተው ቀርተዋል ይባል ነበር። አንድ ካርቱም የሚመላለስ ነጋዴ ጎረቤታችን "ሳጃና በሚባለው ሰፈር አግኝቻቸዋለሁ፤ ጎንደሬ መሆኔን ሲያውቁ ታፈረ ደህና ነው ወይ ብለውኛል። የግራ እጃቸው ሁለት ጣት የለውም" አለን። ክረምት ነበር፤ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። እሄዳለሁ አልኩ። እናቴ አለቀሰች። አባቴ ግን ሲሸኘኝ አንድ ነገር ብቻ አለኝ፦ "እምቢ ካለ እንዳታስጨንቂው። ሰላምታዬን ስጪውና ተመለሽ።"

ሰኞ ማለዳ በአውቶብስ ከጎንደር ተነሳን። አይከል ላይ ጉሙ መስኮቱን ሸፍኖት ሰው ሁሉ በጋቢ ተጀቡኖ ነበር። ወደ ሸህዲ ስንወርድ ግን ጋቢው ተገፈፈ፣ ቀጥሎ ሹራቡ፣ ቀጥሎ ሰው መሳሳቅ ጀመረ። ቆላ ሲገባ ሰው ለምን እንደሚጫወት አላውቅም፤ ደጋ ላይ ተጨብጦ የቆየው አፍ የሚፈታ ይመስለኛል። ከሰዓት በኋላ አውቶብሱ ጭቃ ያዘው። ወንድ ሴት ሳይባል ወርደን ገፋን። አውቶብሱ ወጣ፤ የቀኝ ጫማዬ ሶል ግን እዚያው ቀረ። የጫማዬን ላይኛ ክፍል በሲባጎ አስሬ መተማ ገባሁ። ያደርኩበት ቤት ባለቤት ቆርቆሮው ውስጥ ትቀቀያለሽ ብላ አልጋዬን ከነአጎበሩ ግቢ አወጣችልኝ፤ የራሷንም ነጠላ ጫማ ሰጠችኝ። "ስትመለሽ ትመልሺልኛለሽ" አለች። ማን እንደሆንኩ እንኳን አልጠየቀችኝም።

ማክሰኞ ድንበሩን ተሻገርኩ። ድንበር ሲባል ትልቅ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ አንዲት ትንሽ ድልድይ ናት። ወዲህ ማዶ "እንዴት አደርሽ" ያለኝ ሰው ወዲያ ማዶ ዘመዱን በአረብኛ "ከይፍ"፣ እንዴት ነህ፣ ሲል ሰማሁት። ጋላባት ላይ ፓስፖርቴ ላይ ማህተም የመታው መኮንን "ሐበሽ?" አለኝ። "አዎ" አልኩት በአማርኛ። ሳቀና በአማርኛ "ደህና ግቢ" አለኝ።

ወደ ገዳሪፍ በሚሄደው አውቶብስ ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ዘሀራ ትባላለች። ወሎዬ ናት። ካርቱም፣ አርካዊት በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ እናቷን ልትጠይቅ ሄዳ መመለሷ ነበር። ለአገሩ እንግዳ መሆኔን ከተዋስኩት ጫማ አወቀች። ለምን እንደምሄድ ስነግራት አፏን በሻሿ ጫፍ ይዛ ሰማችኝና፣ "አብሽሪ፣ ሳጃና እኮ እኔ የምኖርበት ሰፈር ነው። ዘመድ የለኝም እንዳትይ ወላሂ! እኔ ጋ ነው የምታርፊው" አለች።

ያን ጊዜ ፍልሰታ ገብቷል፤ ጾመኛ ነኝ። ገዳሪፍ ላይ አውቶብስ ስንቀይር የጾም ምግብ የት ይገኛል ብዬ ስጨነቅ ዘሀራ ከአንድ ምግብ ቤት ፉል በሰሊጥ ዘይት አምጥታ፣ "አይብ እንዳይነካው ብዬዋለሁ። ብይ፣ ይኼ ለጾማችሁ የሚሆን ነው" አለችኝ። በኋላ ሰሊጡ ከኛው ከሁመራ በኩል ሊሆን እንደሚችል ሳስብ ገረመኝ፤ እኔ አገር እያለሁ ያልቀመስኩትን የአገሬን ዘይት እዚያ ጠገብኩት። በዚያ ሁሉ መሃል ግን ሻንጣዬ ሌላ አውቶብስ ላይ ተጭኖ ወደ ከሰላ መሄዱን አላወቅንም ነበር። ስናውቅ ዘሀራ ሾፌሩን፣ ረዳቱን፣ መናኸሪያውን ሁሉ በአረብኛ አንቀጠቀጠችው። ሻንጣው ግን ሄዷል። "ቡክራ ይመጣል" አሏት። ቡክራ ነገ ማለት መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ነገ ማለት ነገ እንዳልሆነም ቆይቶ ገባኝ። ባደርንበት፣ ሎከንዳ በሚሉት ርካሽ ማደሪያ የአልጋው ገመድ እንደ እኛ አገር የጠፍር አልጋ ሲጢጥ ይላል፤ አያቴ ቤት የተኛሁ መሰለኝና እንቅልፍ ወሰደኝ።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ሜዳ ነበር። ተራራ የሌለው አገር ዓይን የሚያርፍበት ያሳጣል፤ መንገዱ ሰማይ ውስጥ ይገባል። ፖሊስ በየኬላው "ወረቃ፣ ወረቃ" ይላል፤ ወረቀት ለማለት ነው። ወረቀቴን በጉያዬ ይዤ ስለነበር ከሻንጣው ጋር ባለመሄዱ እያመሰገንኩ አሳየሁ። ሊመሽ ሲል ካርቱም ገባን። ሱቅ ዐረቢ የሚባለው ገበያ ላይ የሚኒባስ ረዳቶች የሰፈር ስም እያነሱ ይጮሃሉ፤ ቋንቋው ይለይ እንጂ ዜማው የአገራችን የመናኸሪያ ዜማ ነው። ዘሀራ እጄን ይዛ በሰው መሃል ጎተተችኝ፤ "ያላ፣ ያላ!"

ሳጃና የዘሀራ ቤት በአንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ያለ ክፍል ነው። ከሷ ጋር የሚኖሩት የወሎ ሴቶች አንሶላ የሚያክል ቀለም ያለው ቶብ አለበሱኝ፤ የሱዳን ሴቶች የሚጠመጥሙትን ማለቴ ነው። ስራመድ እየረገጥኩት ስወድቅ እየሳቁ አስተማሩኝ። ለእራት ምስር ቀቅለው ጠበቁኝ። ከሁሉ ዓይኔ ውስጥ የቀረው በየደጃፉ የተቀመጠው የውሃ ጋን ነው። ከበር ውጭ፣ ጥላ ስር፣ ክዳን ላይ ጣሳ ተደፍቶበት፤ ማንም አላፊ ቆሞ ይጠጣል፣ ማንም አይጠይቀውም። በእኛ አገር ውሃ ለመጠጣት ደጅ መምታት፣ "ቤቶች" ማለት፣ ትንሽ መጫወትም አለበት። የትኛው እንደሚሻል እስካሁን አልወሰንኩም።

ሐሙስ ሻምበል ዳዊትን ፍለጋ ወጣን። ዘሀራ አሠሪዋን አስፈቅዳ አንድ የዕረፍት ቀን ጨመረችልኝ። የሐበሻ ቡና ቤቶች፣ ፀጉር ቤት፣ ሱቅ፣ ሁሉም ጋ ጠየቅን። ሻምበል የሚባል የሚያውቅ የለም። "እዚህ ሻምበልም ጄኔራልም አንድ ነው፣ ሁሉም ስደተኛ" አለን አንድ ሽማግሌ። ፀሐይዋ አናቴን ስትበሳኝ ተስፋ ቆርጬ ግንብ ጥግ ተቀመጥኩ። ድንገት የነጋዴው ነገር ትዝ አለኝና፣ "የግራ እጃቸው ሁለት ጣት የለውም" አልኩ።

ከአንድ ደጃፍ ጋን ትጠጣ የነበረችው ዘሀራ ጣሳውን ልትጥል ምንም አልቀራት። "ዓም ዳውድ ነዋ! ማራገቢያችንን የሚጠግኑልን!"

በካርቱም አጎት ለማለት "ዓም" ይላሉ። ዓም ዳውድ በውሃ የሚሠራውን፣ ቤት የሚያቀዘቅዘውን ትልቅ ማራገቢያ የሚጠግኑ ባለሙያ ናቸው። ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ነጭ ጀላቢያ ለብሰው ሞተር ፈተው ተቀምጠው ነበር። ቀጭን፣ ረጅም ሰው ናቸው። ሰላምታ ሰጥቼ፣ "የሃምሳ አለቃ ታፈረ ልጅ ነኝ" አልኳቸው።

በእጃቸው የያዙት ብሎን ወደቀ። ቀና ብለው ፊቴን ለረጅም ጊዜ አዩት። "አፍንጫሽ" አሉ፣ "አፍንጫሽ የሱ ነው።"

ጥላ ስር አስቀምጠው በመስታወት ብርጭቆ ሻይ አስመጡልን። የመጣሁበትን ስነግራቸው ፊታቸው እየተዘጋ ሄደ። ነገሩ እንዲህ ነው። ምስክርነቱ እንዲጸድቅ ኤምባሲያችን ሄደው በእውነተኛ ስማቸውና በማዕረጋቸው ቃል መስጠት አለባቸው። እሳቸው ግን ድንበር ሲሻገሩ ፈርተው ዳውድ፣ መካኒክ ብለው ነው የተመዘገቡት። የስደተኛ ካርዳቸው በዚያ ስም ነው፤ ሚስታቸውም ልጆቻቸውም በዚያ ካርድ ነው የሚኖሩት።

"ከኤምባሲው በር የገባ ስደተኛ ካርዱን ይነጠቃል ይባላል" አሉኝ። "እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም፤ ሞክሬ አላየሁትም። ልጄ፣ እዚህ ሻምበል ዳዊት የሚባል ሰው የለም። ዓም ዳውድ ነው ያለው።"

አባቴ እንዳዘዘኝ አላስጨነቅኋቸውም። "እንግዲያው ሰላም ብሎዎታል" አልኩ። "እምቢ ካለ እንዳታስጨንቂው ብሎኛል።" ይህን ስል ፊታቸውን አዙረው የፈቱትን ሞተር ማገጣጠም ጀመሩ። ዘሀራ በመንገድ ላይ ስትቆጣ ዋለች፤ እኔ ግን አልተቆጣሁም። "የለም" የሚለው ቃል አባቴን እንዴት እንደወጋው አይቻለሁ፤ እኚህ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለውን ቃል በራሳቸው አፍ በራሳቸው ላይ ተናግረውት ይኖራሉ። ያሳዘነኝ እሱ ነው።

ዓርብ ከተማው ጸጥ ይላል። ከስግደት በኋላ ሴቶቹ ሁለቱ ዓባዮች ወደሚገናኙበት ወሰዱኝ። አንደኛው ፈዛዛ፣ ሁለተኛው የደፈረሰና ቀይ ነው። ደፍራሹ የኛ መሆኑን ሳይነግሩኝ አወቅኩት፤ ጣና ዳር የክረምት ጎርፍ እያየ ያደገ ሰው ያንን ቀለም ይስታል? እጄን ነክሬ ውሃውን አሸተትኩት፤ ሴቶቹ ሳቁብኝ። አንዷ ግን እሷም ነከረች፣ ቀጥላ ሌላዋ። ከእነሱ መሃል አገሯን ካየች አሥር ዓመት የሞላት ነበረች። ስንመለስ ሐቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል መጣብን፤ ሰማዩ እንደ ግድግዳ ተነስቶ መጣ። አንድ የማናውቀው ሱዳናዊ በሩን ከፍቶ "ተፈደሉ፣ ተፈደሉ" እያለ ሁላችንንም አስገባን፤ ሚስቱ ፊታችንን የምንታጠብበት ውሃ አቀረበች። እስኪያልፍ ተቀመጥን። ስንወጣ ስማችንን እንኳን አልጠየቁንም። ጎንደር ቢሆን የአያቴን አያት ስም ተጠይቄ ነበር የምወጣው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የግቢው በር ተንኳኳ። ዓም ዳውድ ናቸው። ሻይ አልፈልግም አሉ፤ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብለው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

"ያ ነገር፣ ሜዳዩን ያገኘበትን ማለቴ ነው፤ ነግሯችኋል?"

"ኧረ አንድም ቀን" አልኳቸው። "እናቴም አታውቅም።"

እስከዚያ ድረስ ያላየሁባቸው ሳቅ ሲያፍናቸው አየሁ። "አይነግራችሁማ" አሉ። "እንዴት ብሎ!" ቀጥለውም፣ "እምቢ ካለ አታስጨንቂው አለሽ?"

"አዎ፣ እንደዚያ ነው ያለኝ።"

"ያኔም እንደዚሁ ነበር" አሉ። "ውሃ ካላገኛችሁ ትሞታላችሁ ብሎ የለመነን እሱ ነው እንጂ እኛ አልጠራነውም።" ተነሱ። "ነገ ጠዋት እዚህ በር ላይ ጠብቂኝ።"

ዘሀራ "ካርዱስ፣ ዓም ዳውድ? ልጆቹስ?" አለች። ሐሙስ ስትቆጣ የነበረችው እሷው ናት።

"ኢንሻአላህ" ብለው ወጡ።

እሑድ በካርቱም የሥራ ቀን ነው። ጠዋት በሩ ላይ ሳያቸው መጀመሪያ አላወቅኋቸውም። ጢማቸውን ተላጭተዋል። ጀላቢያው ቀርቶ ሱሪና ሸሚዝ፣ በዚያ ሙቀት ላይ ጥቁር ኮት ለብሰዋል። ኮቱ ሰፍቷቸዋል፤ የታጠፈበት መስመር ከጀርባቸው ላይ ይታያል። ሚኒባስ ተሳፈርን። እኔ ቶቤን አሁንም እየረገጥኩ ነው፤ ሻንጣዬ ገና "ቡክራ" ላይ ነው።

ኤምባሲው ውስጥ የተቀበለን ወጣት ሠራተኛ ወንበር ስቦ "አባቴ፣ ስምዎን ልጻፍ" አለ።

ዝም አሉ። የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ፣ መልሰው ፈቱ። ማስገደዴ መስሎኝ "ይቅር፣ እንሂድ" ልላቸው አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱ፤ ጣቶች የጎደሉትን እጅ።

"ሻምበል ዳዊት" አሉ። ቀጥለው የአባታቸውን ስም፣ የአያታቸውን ስም ጠሩ። ድምፃቸው መጀመሪያ ሰለለ፤ በአያታቸው ላይ ሲደርሱ ቀና አለ። "በስደተኛ ካርዴ ላይ ዳውድ ነኝ። እሱንም ጻፈው። ሁለቱም እኔ ነኝ።"

ሠራተኛው ብዕሩን አቆመና፣ "እዚህ ቃልዎን እንቀበላለን እንጂ ካርድ የሚነካብዎት የለም" አላቸው። ትከሻቸው ሲወርድ አየሁ።

ከዚያ ነገሩን ተናገሩ። ኦጋዴን ነው። እሳቸው የሚያዟቸው ወታደሮች አንዲት ኮረብታ ላይ ተከበዋል፤ ውሃ አልቋል። ሰዎች ምላሳቸው አብጦ መናገር አቅቷቸዋል። ከዚያ በፊት ውሃ ይዘው የመጡ መኪናዎች መንገድ ላይ ተቃጥለዋል። የውሃ ቦቴ የሚነዳው አባቴ ግን በሬዲዮ "ልምጣ" ይላል። አትምጣ ይሉታል። እሱ ቀትር መረጠ፤ መሬቱ በሙቀት ሲንቀጠቀጥ መኪና ከሩቅ አይለይም ብሎ።

"ታየ ግን" አሉ ሻምበል። "ተኮሱበት። ቦቴው ተበሳ። እኛ ከላይ ሆነን ውሃው በየቀዳዳው ሲፈናጠር እናያለን፤ ከደማችን የበለጠ አሳዘነን። ይኼ ሰውዬ መኪናውን አቆመ! በተኩስ መሃል አቆመና ወረደ። አበደ አልን። ሸሚዙን ቀዶ አንዱን ቀዳዳ ወተፈ። ካኔተራውን ቀዶ ሌላውን። አልበቃም። ሱሪውን አወለቀ።"

ወጣቱ ሠራተኛ መጻፉን ትቶ ነበር።

"ኮረብታው ስር ሲደርስ የውስጥ ሱሪና ጫማ ብቻ ነበር የለበሰው። ጀግና እንዲህ ሆኖ ሲመጣ አይቼ አላውቅም። ወታደሩ አፉን ቀዳዳው ላይ ደቅኖ ጠጣ። እኔም ጠጣሁ፤ ሻምበል ነኝ ብዬ ተራ ልጠብቅ? ያን ቀን በሕይወት የወጣ ሰው ሁሉ የታፈረን ሱሪ ጠጥቷል።"

ሦስታችንም ሳቅን። እኔ ስስቅ ቆይቼ ማልቀስ ጀመርኩ። ሻምበልም ኮታቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው፣ "ሜዳዩን ደረቱ ላይ ያደረግሁለት እኔ ነኝ። ይህን ጻፍልኝ" አሉ። ሠራተኛው ጻፈ፣ አነበበላቸው፣ ፈረሙ። "ስለ ሱሪው 'ልብሱን ሁሉ' ብዬዋለሁ፣ ይሁን?" አላቸው። "ይሁን፣ ለታፈረ ብለን" አሉ።

ስንወጣ ዘሀራ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ሥራዋን ትታ መጥታለች። አየቻቸውና "እንዴት ሆኑ፣ ዓም ዳ…" ብላ ቆመች። "ሻምበል" አለች። እሳቸው ወደ መንገዱ አንድ እርምጃ ቀድመውን ሄዱ። አረማመዳቸው ግን የሐሙሱ አልነበረም።

የመመለሻዬን መንገድ አላስረዝምም። ሻንጣዬ ገዳሪፍ ላይ ጠበቀኝ፣ ሳይከፈት። መተማ ላይ ነጠላ ጫማውን ለባለቤቱ መለስኩላት፤ እሷ ግን መሄዴንም ረስታው ነበር። ከሱዳን ሳቄን ይዤ የመጣሁት በሴቶቹ ምክንያት ነው። ዛሬ ስለዚያ ከተማ የምሰማው ሁሉ ልብ ይሰብራል፤ ያ በር የከፈተልን ሰው፣ እነዚያ የደጃፍ ጋኖች፣ ያ ግቢ ምን እንደሆኑ አላውቅም። እኔ ግን የማውቀው ካርቱም ያ ነው፤ ማንም ስምሽ ማን ነው ሳይለኝ ውሃ የሰጠኝ።

አባቴን ስለ ሱሪው አላነሳሁበትም። ምስክርነቱን ሳነብለት "ልብሱን ሁሉ" የሚለው ላይ ስደርስ ግን ጆሮው ቀላ። እናቴ ከጓዳ ሆና "የምን ልብስ?" አለች። "ዝም ብለሽ እህልሽን ልቀሚ" አላት።

ማህደሩ ለመስተካከል ጊዜ ወሰደ። በመጨረሻ አዲሱ ግልባጭ መጣ። አባቴ ደጋግሞ ስላስነበበኝ ቃል በቃል ያዘው። ከዚያ "ካርቱም ደውይልኝ" አለኝ። በእነ ዘሀራ ግቢ ስልክ ገብቶ ነበር፤ ሻምበልን አስጠርተን ጠበቅን።

ሁለቱ ሽማግሎች "ደህና ነህ?" "ደህና ነኝ" ተባባሉ፤ ሌላ ቃል ጠፋቸው። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገና ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ማህደሩን በቃሉ ያወርደው ጀመር። ስም። የትውልድ ቦታ። ሙያ፣ ሾፌር። "ሽልማት" አለና ቆመ። ትንፋሽ ወሰደ። "ለፈጸመው ጀብዱ የጀግንነት ሜዳይ ተሸልሟል። መስካሪ፣ አዛዡ የነበሩት ሻምበል ዳዊት።"

ከወዲያ ማዶ ሻምበል የሰሙትን ለግቢው ሰው ጮክ ብለው ደገሙት። ከዚያ እልልታ መጣ፤ አንድ ሴት፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ግቢው በሙሉ፤ የወሎ እልልታ፣ የሱዳኖቹ ጎረቤቶችም ተቀላቅለውበት። አባቴ ስልኩን ከጆሮው አርቆ እኛ ሁላችን እንድንሰማው ወደ መሃል ቤት ዘረጋው።